ከወይራው ሥር አንደኛ ክፍል

የባንክ ጸሐፊ ስለ ታሪክ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ይሁን እንጂ ቢቸና ላይ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ባሳለፍኋቸው ሦስት ዓመታት፣ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ፣ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ያላገኘሁትን አንድ የታሪክ ሰነድ በየዕለቱ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ሰነዱ የሰው ፊርማ ነው።

በገበያ ቀን የእነማይ ገበሬ ጤፉን ሸጦ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ከበሩ ላይ አስደግፎ ይገባል። ቅጹን እሞላለታለሁ፤ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» እላለሁ። ታሪክ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ እስክሪብቶውን እንደ መቃ ብዕር ቀጥ አድርጎ ይይዝና ራሱ የወፈረ፣ እግሩ የቀጠነ ፊደል በዝግታ ይጥላል፤ ብራና ላይ የሚጽፍ እንጂ የባንክ ቅጽ ላይ የሚፈርም አይመስልም። በዕድሜ ትንሽ ዝቅ የሚለው ደግሞ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ በፊደልና በፊደል መካከል በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት እየተወ፣ ስሙን እንደ ችግኝ አንድ በአንድ ይተክላል። የእኔ ትውልድ ሰው አንድ ጊዜ ጫር አድርጎ ይሄዳል፤ ምን ብሎ እንደ ጻፈ ራሱም አያውቀው። እናቶች ግን፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ አውራ ጣታቸውን ይዘረጋሉ። አሻራቸውን ካተምን በኋላ ቀለሙን በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ ዐይናቸው ወደ መሬት ነው።

ጥቂት ወራት እንደ ቆየሁ፣ ፊርማውን አይቼ ሰውየው የት እንደ ተማረ መገመት ጀመርሁ። አንድ ቀን እንደ መቃ ከሚይዙት አዛውንት አንዱ ሲመጡ፣ ግምቴን ላረጋግጥ ብዬ፣ «አባቴ፣ ፊደል የት ቆጠሩ?» አልኋቸው።

«ከወይራው ሥር።»

«ከየትኛው ወይራ?»

«ከጊዮርጊስ ነዋ!» አሉ፤ በዓለም ላይ ሌላ ወይራ ያለ አይመስላቸውም ነበር።

የትምህርት ቤት ስም አላነሡልኝም። የመምህራቸውንም ስም አላስቀደሙም። የጠሩት ዛፉን ነው። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ መልስ ነው።

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ወርቅን አቋርጦ ያልፋል። ከቢቸና አቅራቢያ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። አንባቢ ሆይ፣ የእነዚህን ስሞች ክብር ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ዲማ ሲባል ቅኔ፣ ቅኔ ሲባል ዲማ ትዝ የማይለው የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የለም። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ቅኔው ብዙ ተጽፏል፤ ቅኔ ከመድረሱ አሥር ዓመት አስቀድሞ አፍንጫውን እየጠረገ ከዛፍ ሥር ስለ ተቀመጠው ሕፃን ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። እኔ የምፈልገው እርሱን ነው፤ የዚያን አገር የአንደኛ ክፍል ተማሪ።

በዚያ አገር «አንደኛ ክፍል» ልንለው የምንችለው ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ግድግዳ አልነበረውም። ሕፃኑ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ እጁን ይዞ ወደ የኔታ ይወስደዋል። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አጠገብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከድንጋይ ወይም ከጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ዙሪያቸውን መሬት ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊደል የተጻፈበት ገበታ፣ ለእጁም አንድ ዘለላ ስንደዶ። በስንደዶዋ ጫፍ ፊደሉን እየነካ፣ በዜማ እየጮኸ ይቆጥራል፤ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ሃያ ስድስቱ የግእዝ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182 ድምፅ ይሆናሉ፤ ለዚያ ዕድሜ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሀ ሁ በዜማ ልማድ በአፍ ብቻ እንዳይቀር፣ ሲያልቅ አቡጊዳ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ተገለባብጦ ዐይን መለየቱ ይፈተናል። (ይህን ብልሃት ያሰበው ሰው ማን እንደ ሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር። ዛሬም በቃሉ የሸመደደውን ሁሉ ያነበበ የሚመስለው አዋቂ ሞልቶናል።) ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለት የዮሐንስ መልእክት፣ በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ፤ በመጨረሻም ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተ ሰቡ ጠላ ጠምቆ ጎረቤት ይጠራለታል።

ይህን ሥርዓት የሚገዛው ደወል ፀሐይ ነበረች። ንባብ ቀን ነው፤ ፊደል ለማየት ብርሃን ያስፈልጋልና። ሲመሽ የቃል ትምህርት ይጀምራል፤ ጨለማ ውስጥ ዐይን ሥራ ፈት ስለ ሆነ ተራው የጆሮና የአፍ ነው፤ ጸሎቱን የኔታ ይናገራሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። የቀንና የሌሊት ሥርዓተ ትምህርት የተለያየው በኩራዝ እጥረት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን፤ እጥረቱን ወደ ጥበብ መለወጥም ችሎታ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ገበታውን አቅፎ ወደ ደጀ ሰላሙ ይሮጣል። የእረኛ ልጅ ከሆነ ከብት ሳይሰማራ በማለዳ መጥቶ፣ ተምሮ፣ ወደ ሜዳው ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ በሬ እየጠበቀ ያችን የጧቷን ትምህርት ያላምጣታል።

የኔታ አንድ ናቸው፤ ልጁ ብዙ ነው። ስለዚህ አቡጊዳ የደረሰው ሀ ሁ ላይ ያለውን፣ ዳዊት የያዘው አቡጊዳ ላይ ያለውን ያስቆጥራል። ከፍ ብሎ በቅኔ ቤት «አስነጋሪ» የሚባለው ሹመት ሥሩ እዚህ ነው። አንድ ልጅ ያወቀውን ዕለቱን ማካፈል ግዴታው ነበር፤ የራሱ የሚያደርገው ለሌላ ሲነግረው ነውና።

«የተፈጥሮ ትምህርት» የሚባል ነገር በዚያ ቤት በስም አይታወቅም። ሆኖም ተማሪው ከፍ እያለ ሲሄድ ብዕሩን ከመቃና ከሸምበቆ ይቆርጣል፤ የትኛው ዕድሜ ያለው መቃ ቀለም እንደሚይዝ ያውቃል። ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠል ተዘጋጅቶ ወራት ያስቆጥራል። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ስለ አብሾ የሚወራውን እንኳ ልተወው፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው ይህ ተክል ስንቱን እንዳሳበደ ከተማሪ አፍ የማይጠፋ ጨዋታ ነው። ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ ደግሞ ከየኔታ ፊት ተነሥቶ ብቻውን ወደ ደኑ ይገባል። ሁሉም የየራሱ ዛፍ አለው። ከጧት እስከ ማታ ከዚያ ዛፍ ጋር እየተነጋገረ ግጥሙን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። የጽድ፣ የዝግባ፣ የዋንዛ፣ የቀጋ ስም ቅኔ ውስጥ የሚመላለሰው ባለ ቅኔው ከሩቅ አይቶ ስላደነቃቸው አይደለም፤ ጀርባውን አስደግፏቸው ስለ ኖረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም። በሞጣም በቢቸናም የሙስሊም ነጋዴ ልጆች ነበሩ፤ አሉም። እነርሱ ከሼኹ ፊት ተቀምጠው በሉሕ፣ በእንጨት ገበታ፣ የቁርኣን ፊደል ይቆጥራሉ፤ ጽፈው፣ ቀርተው፣ አጥበው እንደገና ይጽፋሉ። ቀለሙ ከሰል፣ ብዕሩ እንጨት፣ ድምፁ ዜማ። ሁለቱ የሕፃናት ጩኸት በአንድ ጧት፣ በአንድ ነፋስ፣ በአንድ ከተማ ላይ ይገናኝ እንደ ነበር ሳስበው ደስ ይለኛል።

የዚህ ትምህርት ቤት በጀት ምን ነበር? የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው። መልሱ አኮፋዳ ነው። ፊደልና ንባብ የጨረሰ ልጅ ደበሎውን ለብሶ ከአባቱ ቤት ይጠፋል፤ ወደ ሩቅ አገር፣ ዘመድ ወደሌለበት። በየደጁ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ አንዳንዷ ሴት «እግዜር ይስጥህ» ብላ ታሳልፈዋለች፤ ብዙዎቹ ግን ይሰጡታል። ስጦታው የጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብም ነበረው። የእነማይ እናት ለሸዋው ልጅ ቁራሽ ስትሰጥ፣ ወሎ ውስጥ የሆነች እናት ደግሞ ለእርሷ ልጅ ትሰጥ ይሆናል ብላ ታምናለች። ማንም ደረሰኝ ያልቆረጠለት፣ ማንም ኦዲት ያላደረገው የብድር ሰንሰለት አገሩን ከዳር እዳር አያይዞት ነበር። እኔ ባንክ ውስጥ እንደዚያ ያለ መተማመን ገና አላየሁም።

ሐዲስ ዓለማየሁ የዚህ ትምህርት ልጅ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወደ ስዊድን ሚሲዮንና ወደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተሻገሩ። በኋላ ዳንግላ ላይ የጉምሩክ ጸሐፊ (የሥራ ባልደረባዬ ብላቸው ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን?)፣ ደብረ ማርቆስ ላይም የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነዋል። ዲማን ከልብ ወለድ ዓለማችን ማዕከል ያስቀመጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም፣ ከዛፍ ሥር የተማረ ሰው ግድግዳ ባለው ቤት ለተማረው ትውልድ ያቀረበው ምስክርነት ነበር።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ቢቸና እያለሁ በአንድ ማታ በተበላሸ የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ጀርባ ላይ የሞነጫጨርሁትን ልጥቀስ፤

የኔታ ዛፉ ነው፣ ሥሩ ወንበራችን፤
ፀሐይ ደወላችን፣ ነፋስ ግድግዳችን።

ለአንድ የሥራ ጓደኛዬ አነበብሁለት። አባቱ ቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ነው። አልሳቀም። «ነፋስ ግድግዳ አይሆንም፤ አባቴን ጠይቀው» አለኝ። ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን የውሻ ንክሻ ጠባሳ አሳዩኝ። ስለ ቅማሉ፣ ስለ እከኩ፣ ስለ ተስቦው፣ ኰብላይ ተማሪ እግሩ ከግንድ ጋር ስለሚታሰርበት ጊዜ፣ ስለ የኔታ አለንጋ ነገሩኝ። አብረዋቸው ከወጡት መካከል ሳይመለሱ ስለ ቀሩት ሲነግሩኝ በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር፤ አንድ እጅ አልበቃቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ «እኅቴ ከእኔ ይልቅ ብልህ ነበረች፤ እርሷ ግን እንጨት ትለቅም ነበር» አሉ። ከወይራው ሥር ሴት ልጅ ማግኘት ብርቅ ነበር። የእናቶች አውራ ጣት የመጣው ከዚህ ነው። ግጥሜን አልቀደድሁትም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም አላነበብሁትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ማለቴ ነው።

ግድግዳ ያለው ትምህርት ቤት ሲመጣ እነዚያን ሕፃናት ከብርድ ለማዳን የመጣ ነው ብንል ደግ ነበር። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ፤ ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ነው። መሬት ያለው ማን ነው? ገበሬው። ትምህርት ቤቱ የተሠራው የት ነው? በአብዛኛው ከተማ። የቢቸና ገጠር ገበሬ ለማያያት ክፍል፣ ልጁ ለማይቀመጥባት ወንበር ከፈለ ማለት ነው። በባንክ ቋንቋ፣ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ለሌላው ገቢ ሆነ። አኮፋዳው የሚሞላው በፈቃድ ነበር፤ ቢያንስ የሚበላውን ልጅ ፊት ለፊት ያዩታል። በ1960 ዓ.ም. ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብርና በመሬት ልኬታ ፍርሃት የተነሣ ሸፍተው መንግሥቱን ሲያናውጡት፣ ጉዳዩ ትምህርት አልነበረም፤ ያን ዐመፅ ከትምህርት ጋር ላያይዘው አልሞክርም። ነገር ግን መንግሥት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በሚወስደው ብቻ የሆነ ሕዝብ አዲስ አዋጅ ሲሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ከዚያ ደርግ መጣና ዛፉን እንደገና ትምህርት ቤት አደረገው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ክፍል ከየት ይመጣል? የገበሬ ማኅበሩ ዳስ ጣለ፤ ዳስ በሌለበት የዛፍ ጥላ አለ። ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጎን፣ ምራት ከአማቷ ጎን ተቀምጠው «ሀ» አሉ። ሴቶች ከዛፍ ሥር በብዛት የተቀመጡት፣ እኔ እስከማውቀው፣ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። እነዚያ እንደ ችግኝ አንድ በአንድ የሚተከሉ ፊርማዎች የዚህ ዘመቻ ልጆች ናቸው። ታዲያ እናቶቹ ለምን ዛሬም በአውራ ጣት? አንዲት ደንበኛዬን ጠየቅኋት። የምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። «ፊደሉ ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ፤ የሚነበብ ነገር ማን ሰጠንና!» አለች። ከዘመቻው ጎን ጦርነት ነበር፤ ልጆቹን ያስተማረው እጅ ልጆቹን ለውትድርናም መዝግቧል። ለብዙ ሰው ከዳሱ የተረፈው ስም መፈረም ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ ስሙን ፈርሞ የሚወጣ ሰው ከባንኩ በር ላይ እንዴት ቀና እንደሚል አይቻለሁና።

እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ከሞጣ ብዙም በማይርቅ ገጠር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል «የአካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት መጣ። ስሙ ያምራል። ክፍላችን ግን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበራት። በአንዲት አግዳሚ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። መምህርታችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቅጠል ሥላ ክፍሎቹን ታስነብበናለች፤ ከመስኮቱ ውጪ እውነተኛው ቅጠል በነፋስ ይንሿሿል። እኛ ግን ወደ ውጪ ማየት ክልክል ነው።

በሚያዝያ ዐውሎ ነፋስ ቆርቆሮውን ገነጠለው። ማንም አልተጎዳም፤ ሌሊት ነበር። ጥገናው ሁለት ወር ያህል ፈጀ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት የተማርነው በግቢው ዳር ካለ አንድ ትልቅ ብሳና ሥር ነው። መደመርን በፍሬው ተማርን። ጉንዳን መሥመሩን ሲሠራ ቁጭ ብለን አየን። ብሳና ቅጠሉ አርጅቶ ሊረግፍ ሲል እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ መምህርታችን አንዱን አንሥታ «ይህ ለምን ቀላ?» አለችን። መልሱን እርሷም አታውቀውም ነበር፤ አላውቅም አለችን። መምህር «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያው ዛፍ ሥር የሚያልፉ አርሶ አደሮች ቆመው ያደምጣሉ፤ አንዳንዱ በሬውን አቁሞ «ቅጠሉ ቢያረጅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው» ይለናል። እናቶች ወደ ወንዝ ሲወርዱ የየልጃቸውን ስም ጠርተው ያልፋሉ። መንደሩ ሁሉ አንደኛ ክፍል ገብቶ ነበር።

ቆርቆሮው ተመታ፤ ተመለስን። መምህርታችን አልፎ አልፎ ልታወጣን ብትፈልግም የበላይ ሰው መጥቶ፣ «ዛፍ ሥር ማስተማር የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» ብሎ ገሥጿታል ተባለ። ዛሬ ሳስበው በሰውየው አልፈርድም። በዜናችን «ዛፍ ሥር የሚማሩ ተማሪዎች» ሲባል የሚሰማን ኀፍረት ነው፤ ድህነት ነው፤ እርዳታ መጠየቂያ ነው። ለባንክ ደንበኛዬ ለእኒያ አዛውንት ግን «ከወይራው ሥር» ማለት የሹመት ያህል ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ዛፉ ከክብር ወደ እጦት ስም ወረደ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ነው ያስቸገረኝ።

ስዊድን የሚኖር አብሮ አደጌ አንደኛ ክፍል የገባች ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ከነ መምህሯ ጫካ እንደምትውል በኩራት ነገረኝ። በረዶ ቢጥልም ይወጣሉ፤ እሳት አንድደው ቋሊማ ይጠብሳሉ፤ በእንጨት ፊደል ይሠራሉ። «አዲስ ዘዴ ነው» አለኝ። አሳቀኝ፤ አሳዘነኝም። የእኛ ልጅ ከዛፍ ሥር ሲቀመጥ ክፍል ስላጣ ነው፤ የእነርሱ ልጅ ስትቀመጥ ክፍል ስላላት ነው። ልዩነቱ ሲዘንብ የሚገቡበት ቤት መኖሩ ላይ ነው።

ይህን በቅኔ ዐይን ያየው ሰው ግን ሩቅ ምሥራቅ ነበር። ሕንዳዊው ባለ ቅኔ ራቢንድራናት ታጎር በካልካታ የልጅነቱን የትምህርት ቤት ግድግዳ እንደ ወህኒ ይጠላው ነበርና፣ በ1901 እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ ሻንቲኒኬታን በሚባል ቦታ አምስት ያህል ተማሪዎች ይዞ ከዛፍ ሥር ማስተማር ጀመረ። በ1913 የኖቤልን ሽልማት አገኘ፤ በ1921 ያ ቦታ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ታጎር ዛፉን የመረጠው ሌላ አማራጭ እያለው ነው። የዲማው የኔታ ደግሞ አማራጭ ስለ መኖሩ አስበውም አያውቁ ይሆናል። ቢገናኙ ግን፣ ሁለቱም ግጥም አዋቂ ናቸውና፣ ስለ ጥላ ረጅም ሰዓት የሚጨዋወቱ ይመስለኛል።

የእኛ ዛፎች ዛሬ እንዴት ናቸው? ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ ባለው በደቡብ ጎንደር፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። አገሩ ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ እነዚያ ዛፎች የተረፉት በቅጽር ውስጥ ስለ ነበሩ ነው። አስጊው ነገር ግን ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ልጆቻቸው አለማደጋቸው ነው፤ የበቀለውን ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፣ እግር ይረግጠዋል፤ ለተማሪ ጎጆ የሚቆረጠውም እንጨት አለ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የድንጋይ ካብ ነው። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ይክባል፤ ማሳውም ይጠራል፣ ቡቃያውም ያድጋል። በዚህ ጽሑፍ ግድግዳን እንዲህ ስወቅስ ቆይቼ፣ ዛፉን የሚያድነው ካብ ሆኖ አገኘሁት። ምን ይደረግ! የሞጣና የቢቸና የትምህርት ቤት ግቢዎች ደግሞ ባሕር ዛፍ ይበዛባቸዋል፤ ለአጣናና ለገቢ ይጠቅማል፤ ከሥሩ ተቀምጦ ፊደል ለመቁጠር ግን ጥላው ስስ ነው።

አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በ2016 እና በ2017 የትምህርት ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። ቆርቆሮውም፣ ግድግዳውም፣ ጥቁር ሰሌዳውም በቦታው ቆሞ ልጅ የሌለበት ክፍል ብዙ ነው። ከሞጣ ወጣ ብላ ገጠር የምትኖረው እኅቴ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። አንደኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት በሩ ተዘጋ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ኔትወርክ በተገኘችበት በአንድ ጧት፣ እኅቴ ደወለችልኝ። ልጅቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካሉ የኔታ ዘንድ መቀመጥ መጀመሯን ነገረችኝ። «ሴት ልጅ ይቀበላሉ?» አልኋት። «እንኳን እርሷን፣ የጎረቤቶቼንም አምስት ሴቶች ተቀብለዋል፤ ምን ያድርጉ፣ ልጁ ሁሉ ሜዳ ላይ ፈሷል» አለችኝ። ስልኩን ይዛ ወደ ቅጽሩ ሄደችና ለልጅቱ ሰጠቻት።

«እስቲ ቁጠሪልኝ» አልኋት።

ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዜማውን ግን ከየኔታ እንዳለ ወስዳዋለች። ሀን ጨረሰች፤ ለን ጨረሰች፤ ሐን አለፈች፤ መ ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ስንደዶዬን ፍየሏ በላችብኝ፣ ጋሼ። ሌላ እስካመጣ ጠብቀኝ።»

ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ሄደች መሰል፣ የሌሎቹ ልጆች ጩኸት፣ ቅጠል የሚያንሿሿ ነፋስ፣ ከዚያም ወዲያ የኔታ ሲያስሉ ይሰማኝ ጀመር። ከፊቴ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ጠበቅኋት።